ፖቴንሽዮስታት «እምቢ» አያውቅም

የውሃ ወይም የባዮሎጂ ሰው ነህ እንበል፤ የጣናን እርሳስና ካድሚየም ለመለካት ተነሳህ። «ኤሌክትሮኬሚስትሪ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው» ይሉሃል። ፖቴንሽዮስታቱን (ቮልቴጅ እየሰጠ የሚያልፈውን ከረንት የሚለካውን ማሽን) ከሦስቱ ኤሌክትሮዶች ጋር በሦስቱ ገመድ ሰክተህ ማስጀመሪያውን ስትጫን የከረንትና የቮልቴጅ ኩርባ ይወጣል። ጉዱም ይሄው ነው! ልኬቱ የሚካሄድበት ኤሌክትሮድ ቢቆሽሽ፣ ሬፈረንሱ (ቮልቴጁ የሚነጻጸርበት ኤሌክትሮድ) ቢደርቅ፣ ማሽኑ ምንም ሳያፍር ኩርባውን ይስላል።

የምርምር ጽሑፎቹ ደግሞ «ኤሌክትሮዱ ከጸዳ በኋላ» ብለው እብስ! እንዴት እንደሚጸዳ ለማን ተዉት? ግላሲ ካርቦን (መስታወት መሰል የካርቦን ኤሌክትሮድ) በ1፣ ቀጥሎ በ0.3፣ በመጨረሻ በ0.05 ማይክሮሜትር አሉሚና (ደቃቅ መፈተጊያ ዱቄት)፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ 8 ቁጥር እየሠሩ ይፈተጋል። ለየአሉሚናው ጨርቁ ለየብቻ ነው። በየመሃሉ በዲስትልድ ውሃ ማጠብ፣ መጨረሻ ላይ ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያጸዳ ዕቃ)፤ አለዚያ አሉሚናው ራሱ ገጹ ላይ ይቀራል። ከዚያ ፈተና፦ 1 ሚሊሞላር ፌሪሳያናይድ በ1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ። ቮልቴጁን ወደ ታችና ወደ ላይ ስትጠርግ ኩርባው ላይ የሚወጡት የሁለቱ ጫፎች ርቀት በቲዎሪ 59 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ እስከ 80 ድረስ ይሁን። 150 ካየህ ወደ ጨርቅህ።

ሬፈረንሱን ዲስትልድ ውሃ ውስጥ የሚያሳድሩ ሰዎች አሉ! የብርና ብር ክሎራይዱ ማደሪያ 3 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። የሬፈረንሱ አፍ ላይ አረፋ ከተቀመጠ ኩርባው ይንቀጠቀጣል። ፐርክሎሬት ውስጥ ከነከሩት ደግሞ ፖታሲየም ፐርክሎሬት አፉ ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል።

የሐይቁን ውሃ እንዳለ መለካትም አይሆንም። ጨዉ ትንሽ ስለሆነ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ የኩርባው ጫፍ ይንጋደዳል። 0.1 ሞላር አሲቴት ባፈር (አሲድነቱን የሚያጸና መፍትሔ)፣ ፒኤች 4.5፣ ትንሽ ቢስሙዝም (ብረቶቹ ኤሌክትሮዱ ላይ አብረውት የሚለጠፉት) ይጨመርበት። እያማሰሉ በ−1.2 ቮልት 120 ሰከንድ ብረቶቹን ኤሌክትሮዱ ላይ ማከማቸት፣ ማማሰያውን አቁሞ ጥቂት ማሳረፍ፣ ከዚያ ቮልቴጁን ወደ ላይ መጥረግ፤ ካድሚየም −0.8፣ እርሳስ −0.55 ቮልት አካባቢ ጫፍ ሆኖ ብቅ ይላል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ የተከማቸው ተመልሶ ይሟሟል፤ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም ጎበዝ።

ክረምት ላይ የጣና ገባሮቹ ርብና ጉማራ ደለል ሲያመጡ ደግሞ ባሰ። በ0.45 ማይክሮሜትር ካጣራህ የምታየው የሟሟውን ብቻ ነው፤ ጠቅላላውን ከፈለግህ ናሙናው ከነደለሉ በአሲድ መሟሟት አለበት። ኦርጋኒኩ ነገር ኤሌክትሮዱ ላይ ተለጥፎ ጫፉን ያሳንሰዋል፤ በንጹሕ ውሃ የሠራኸው የካሊብሬሽን መስመር (የጫፉን ቁመት ወደ መጠን የሚቀይረው) ያታልልሃል። እዚያው ናሙና ውስጥ የታወቀ እርሳስ ሦስት ጊዜ እየጨመሩ ማስላት ነው መድኃኒቱ። ይህንንም ለጀማሪ የሚነግረው የለም።

ናሙና የሌለበት ባዶው ልኬትስ? ባፈሩን ብቻ ለክተህ የእርሳስ ጫፍ ካየህ፣ እርሳሱ የመጣው ከኬሚካልህ ወይም ከዕቃህ ነው። 10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያላደረ ጠርሙስ ይዞ ጎርጎራ ድረስ ናሙና ፍለጋ መሄድ፣ የጀልባ ነዳጅ በከንቱ ማቃጠል ነው።