ለአያት ፉከራ፣ ለልጅ ብልግና?

የደብረ ማርቆሱ ልጅ አዲስ የሂፕ ሆፕ አልበም ከወጣ ወዲህ ባሕር ዳር ላይ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የኤፍ ኤም ፕሮግራም እንግዳ በሁለት ደቂቃ አፈር አስጋጡት። «ራስን ማወደስ የጎጃም ባህል አይደለም፤ ይሄ ከአሜሪካ የመጣ ብልግና ነው» አሉ። አቅራቢውም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

እንዴ! ታዲያ ፉከራ ምንድን ነው? ሽማግሌው በየሰርጉ ዱላውን እየነቀነቀ «ዘራፍ!» ሲል ስለ ማን የሚያወራ መሰላቸው? ስለ ራሱ ነው። ስለ ዘሩ፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ጣለው ጠላት። ዳሱ እልል ይላል እንጂ «ትሕትና ይኑርህ» የሚለው የለም። የራፐሩ የመድረክ ስምስ ምኑ ነው አዲስ? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። እናት አባት ያወጡላቸው ስም አልበቃቸውም መሰለኝ። የሂፕ ሆፕ ልደት የሚቆጠረው ዲጄ ኩል ኸርክ በ1965 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ካሞቀው ድግስ ነው። ያኔ የእኛ ፎካሪ ድምፁ ሻክሮ ነበር! እንግዳው የገዛ ጋቢያቸውን አይተው «ይሄ የማን ነው?» እንደሚል ሰው ሆነውብኛል።

አልበሙን የሰሙትም አይመስለኝም። ሁለተኛው ዘፈን በማሲንቆ ብቻ ይጀምራል፤ የጭራው ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማል። ልጁ እንደ ሸላይ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ይገባል፣ ድራሙ ከኋላ ይከተለዋል። ሰሙ ማዳበሪያ የሚጠብቅ ገበሬ ነው። ወርቁ በሰዓቱ ደጋፊ አጥቶ ሳይበቅል የቀረ ወጣት ነው። ዋሸራ ቅኔ የተቀኘ ሰው ቢሰማው «ይበል!» ነበር የሚለው።

ድክመት የለውም አልልም። ስለ መኪናና ስለ ወርቅ ሐብል ያወራባቸው ዘፈኖች ያሳፍራሉ። የሚያሳፍሩት ግን ስለ ፎከረ ሳይሆን ባዶ እጁን ስለ ፎከረ ነው። ፎካሪ የሠራውን ይቆጥራል። ይሄ ልጅ መኪና ይቆጥራል፤ እሱንም ለክሊፑ የተከራየው ይመስለኛል። መጨረሻዎቹ ላይ ደግሞ ድምፁን ኦቶቲውን በሚሉት የድምፅ ማስተካከያ አሽቶ አሽቶ ቃሉን ውጦታል። ቃል ለሚመዝን ጎጃሜ ይሄ ከስድብ አይተናነስም።

እንግዳው ይሄን ቢናገሩ አብሬያቸው በጮህኩ ነበር። እሳቸው ዘፈኑን ትተው ዘውጉን ረገሙ። ጣቢያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበሙን አያጫውትም። ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚለቅ ታውቃላችሁ? ቀረርቶ!