ኧረ በናታችሁ ያንን ጆግ አስቀምጡት!

በየቀኑ ያው ፎቶ ነው የሚለጠፈው። ቅጠሉ የተሸበሸበ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ እሬት፤ ከሥሩ «ምን ላድርገው?» የሚል ጥያቄ። መልሱም ያው ነው፦ «ውሃ ጠምቶት ነው አጠጪው»፣ «የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ ጨምሪበት»፣ «የቡና አተላ ፍቱን ነው»። ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛው ፎቶ ይመጣል፤ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል።

ወገን፣ የተሸበሸበ ቅጠል ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ እውነትም ጠምቶታል፣ ወይ ሥሩ በስብሶ መጠጣት አቅቶታል። ከላይ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የሚለየው አፈሩ ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ፣ በሁለት ሦስት ቀን ይሞላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተሸበሸበ ግን ሥሩ አልቋል ማለት ነው፤ የምትጨምሩበት እያንዳንዱ ብርጭቆ መቅበሪያው ነው። ግንዱ አፈር የሚነካበት ቦታ ሲጫኑት ከሟሟና የረጋ ኩሬ ከሸተተ ደግሞ ጥያቄም አያስፈልግም።

እሬት እኮ ጭንጫ ላይ የሚበቅል ዘር ነው! እኛ አገር ብቻ ከ40 በላይ ዝርያ አለ፤ ገደል አፋፍ ላይ ላለው ማን ጆግ ይዞለት ይሄዳል? ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ያጠራቅማል፤ የቅጠሉን ቀዳዳዎች የሚከፍተውም በሌሊት ስለሆነ የቀን ፀሐይ አያራቁተውም። ሥሩ ግን አየር ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ ከረጠበ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ ሻጋታ ይወርሰዋል።

ለማዳን ከፈለጋችሁ አውጡት። አትጎትቱ፤ መትከያውን አጋድማችሁ ጎኑን መታ መታ አድርጉ። አፈሩን አራግፉ፣ የተጣበቀውን እጠቡት (ይቺን ውሃ ፈቅደናል)። ጤነኛ ሥር ነጣ ወይም ቢጫማ ያለ፣ ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፤ በሁለት ጣት ሳብ ስታደርጉት ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ያንን ሁሉ በአልኮል በተጠረገ ስለታም ቢላ ቁረጡ፤ የለሰለሱትንም ቅጠሎች አንሱ። ግንዱ ውስጥ ቡናማ ከታየ ነጭ እስኪሆን ድረስ በስሱ እየቆረጣችሁ ወደ ላይ ውጡ። ትንሽ ብትተዉለት መበስበሱ ከዚያው ይቀጥላል።

ከዚያ ጥላ ቦታ ጋዜጣ ላይ አጋድማችሁ ተዉት። ሥሩ ብቻ ከተቆረጠ ከ2 እስከ 3 ቀን፣ ግንዱ ከተቆረጠ አንድ ሳምንት፤ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ እስኪያበጅ። አይሞትም! ሁሉም እዚህ ጋ ነው የሚሸነፈው፤ በማግስቱ አንጀቱ አልችል ብሎት ተክሎ ያጠጣዋል። እናቶች ልጅ ጡት ለማስጣል እሬት ይቀቡ ነበር፤ ጆጉ እጀታ ላይ ምን ይቀባ?

አፈሩንም ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ችግኙ በጥቁር ላስቲክ፣ በሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው የሚሸጠው፤ ሻጩም «በየቀኑ ውሃ» ብሎ ይሸኛችኋል። 1 እጅ አፈር ከ2 እጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ቀላል ቀይ ጠጠር ጋር ደባልቁ፤ ግንባታ ያለበት ሰፈር ሁሉ ተከምሮ የሚታየው ነው። ከጠፋ ሻካራ አሸዋ። መትከያው ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ስፋቱ ከሥሩ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ቢበልጥ ይበቃል። ትልቅ ከሆነ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይከርማል።

መትከያው ከታች ቀዳዳ እንዲኖረው ደግሞ የግድ ነው! «ከታች ጠጠር አድርጌበታለሁ» የምትሉ፣ ጠጠር ቀዳዳ አይሆንም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል፤ ሥሩ ያለውም እዚያው ነው። የወተት ቆርቆሮውን በምስማር ብሱት፣ አለቀ።

በደረቁ ተክላችሁ ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ ከታች እስኪወጣ አጠጡ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፉ። ቀጣዩ ውሃ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ነው፤ በአዲስ አበባ በጋ 2 ወይም 3 ሳምንት ይወስዳል። ሐምሌና ነሐሴ በወር አንዴም ይበዛበታል፤ ዝናብ ከሚመታው በረንዳም አስገቡት። አተላውን ተዉት፤ እርጥበት ይዞ ይሻግታል፣ ትንንሽ ዝንብ ይጠራል።

ቡፌ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብም ቦታው አይደለም። ብርሃን ሲያጣ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይሳሳል፣ ይወድቃል። መስኮት አጠገብ አድርጉት፤ ግን ከጨለማ አውጥታችሁ በአንዴ ቀትር ፀሐይ ላይ አትጣሉት፣ ይቃጠላል። በ10 ቀን አለማምዱት።

ቅጠል ቆርጣችሁ አፈር ላይ የምትሰኩት ደግሞ አይበቅልም፣ ይበሰብሳል። የሚተከለው የራሱ ሥር ያለው፣ ከጎን የሚወጣው ልጁ ነው።

እና እባካችሁ የታመመውን «ለፀጉሬ» ብላችሁ አትቁረጡበት! የጤነኛውም ቢሆን ቅጠሉን 15 ደቂቃ አቁማችሁ ቢጫው ፈሳሽ ይውረድ፤ ቆዳ የሚያሳክከው፣ ቢዋጥ ሆድ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።