ጅማ ተቀምጦ ካፌይን በጣሳ

ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ቡና ልንጠጣ ተሰበሰብን። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንድሻው ቀርቧል፣ አቦል ሊቀዳ ነው። የእህቴ ልጅ ከክፍሉ ብቅ አለ። ዐይኑ ደም ለብሷል። በእጁ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጥቁር ጣሳ ይዟል።

«ና ቁጭ በል፣ ቡና ደርሷል» አለችው እናቱ።

«ይቅርብኝ እማ፣ ኢነርጂ ጠጥቻለሁ።»

ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ለመውጫ ፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ማታ ማታ አይተኛም።

ጣሳውን ተቀበልኩትና መነጽሬን አድርጌ ጀርባውን አነበብኩ። ጽሑፉ ከጉንዳን ያንሳል። እንግሊዝኛና አንድ የማላውቀው ቋንቋ ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም የለበትም። በ100 ሚሊ ሊትር 32 ሚሊግራም ካፌይን ይላል። ጣሳው 500 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ 160 ሚሊግራም። ስኳሩ ደግሞ 55 ግራም። ከሥር «ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች አይመከርም» የሚል አለ። ልጁ እስከ ዛሬ አንብቦት አያውቅም። «እኔ ለቫይታሚኑ ነው የምጠጣው» አለኝ።

እስቲ ነገሩን እንየው።

ነቅተን በዋልን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን የራሱ መቀመጫ አለው፤ የጅማ ሰው ስለሆንኩ በርጩማ ልበለው። እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ሲል እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን መልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ገብቶ በርጩማውን ይይዝበታል። ይቀመጣል እንጂ የባለቤቱን ሥራ አይሠራም። አዴኖሲን ግን የትም አልሄደም። በር ላይ ቆሞ ቁጥሩ እየበዛ ይጠብቃል። ካፌይኑ ሲነሣ ያ ሁሉ ተግተልትሎ ገብቶ ይቀመጣል። ልጆቹ «ከኢነርጂ በኋላ ዝርግት አልኩ» የሚሉት ይሄንን ነው። ጉልበት የጨመረላቸው ነገር የለም። ድካማቸውን እንዳይሰሙ ነው የተደረጉት።

ሒሳቡን ከልጁ ጋር ሠራነው። ካፌይን ከሰውነት ተጣርቶ ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሰው ሰው ይለያያል፤ ነፍሰ ጡር ላይ በጣም ይዘገያል። ልጁ ጣሳውን የሚጠጣው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ 80 ሚሊግራም ደሙ ውስጥ አለ። ይሄ እኮ አንድ 250 ሚሊ ሊትር ሬድ ቡል የሚይዘው ነው! ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፈተናው ሊጀመር ሲል፣ ገና 40 ቀርቶታል። በፈረንጆቹ 2013 ላይ አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ቢወሰድ እንኳ ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የተሸመደደው ነገር ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ የሚሰፍረው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ ያነበበውን የሚያሰፍርበትን ሰዓት መግደል ምን ይባላል?

ቫይታሚኑን በአጭሩ ላልፈው። በብዛት የቢ ዘሮች ናቸው፤ ትርፉ በሽንት ይወርዳል። ታውሪን የሚባለው ግን ወሬ ስለበዛበት ትንሽ ልበል። ሁለት ጀርመናውያን በፈረንጆቹ 1827 ላይ ከበሬ ሐሞት ስላገኙት በላቲን በሬ በሚለው ቃል ተሰየመ። ከኮርማ ምናምን ይወጣል የሚባለው ተረት ነው፤ ጣሳው ውስጥ ያለው ፋብሪካ የሠራው ነው። ሰውነታችን ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ሥጋና ዓሣ ውስጥም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤት የሚቆም ሰው ታውሪን አይቸግረውም።

«ቡናስ ካፌይን አይደለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነው እንጂ። እንዲያውም ካፌይን ለብቻው ተነጥሎ የወጣው በፈረንጆቹ 1819 ላይ ሩንገ በሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት እጅ፣ ከቡና ፍሬ ነው። ዛሬ አብዛኛው በፋብሪካ ይመረታል። የቀረው ግን ካፌይን አልባ ቡና ሲዘጋጅ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ነው፤ አይጣልም፣ ለለስላሳና ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ይሸጣል። ቡናችንን በጆንያ ሸኝተን ካፌይኑን በጣሳ በውድ ዋጋ እንቀበላለን ብዬ ሳስብ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

ልዩነቱ አጠጣጡ ላይ ነው። ቡና ይፋጃል፤ ትንሽ በትንሽ ፉት ይባላል። ከአቦል እስከ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፣ መሐል ላይ ጨዋታ አለ። ኢነርጂ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ስለሆነ ግማሽ ሊትሩ በሁለት ትንፋሽ ያልቃል። ካፌይኑም ሦስት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተጠቃሎ ደም ውስጥ ይገባል። ስኳሩስ? 55 ግራም ወደ አሥራ አራት የሻይ ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢሆን የሚመርጠው ወደ 25 ግራም ነው። አሥራ አራት ማንኪያ ስኳር ስኒ ውስጥ ስትጨምር ያየችህ እናት ምን ትልህ ነበር?

ልብንም የሚነካ ነገር አለ። በፈረንጆቹ 2019 ላይ የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው 34 ጤነኞችን አንድ ሊትር የሚጠጋ ኢነርጂ በአንድ ሰዓት ውስጥ አጠጣ። ከአራት ሰዓት በኋላ የልባቸው የኤሌክትሪክ ምት ላይ ለውጥ ታየ፤ ልብ ለቀጣዩ ምት የምትዘጋጅበት ጊዜ ረዘመ። የደም ግፊታቸውም ከፍ አለ። 34 ሰው ጥቂት ነው፣ አልክድም። ግን እነዚህ ልጆች ጤነኞች ነበሩ፤ ጫትም አልቃሙም።

እኛ ጋ ነው ነገሩ የሚከፋው። አሁን አሁን በርጫ ላይ በለስላሳው ፋንታ ኢነርጂ የሚያዝ ወጣት አያለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ በራሱ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል። ካፌይን ሲደረብበት ሁለት ሰው አንድ ጋሪ ገፋ ማለት ነው። ምርቃናው ደርቶ ማታ ጨብሲ ሲመጣ ደግሞ ኢነርጂውን ከአልኮል ጋር ይቀላቅሉታል። አልኮል ያደነዝዛል፤ ካፌይን መደንዘዙን ይደብቃል። ሰውየው አልሰከርኩም ብሎ ቁልፍ ያነሳል። ጣሳ አጠገቡ ሰክቶ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ የሚነዳውን ሹፌርም አስቡት። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በርጩማው የሚለቀቀው የጊቤ ቁልቁለት ላይ ቢሆንስ?

ይከልከል የሚሉ አሉ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሊትዌኒያ 2014 ላይ፣ ላትቪያ 2016 ላይ፣ ፖላንድ ደግሞ 2024 ላይ ከ18 ዓመት በታች ላለ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ሐሳቡን አልጠላም፤ ግን መታወቂያ እየጠየቀ ጣሳ የሚሸጥ የሰፈር ባለሱቅ በዐይኔ አልመጣ አለኝ። እኔ የምጠይቀው ከዚያ የቀለለ ነው። የካፌይኑ መጠን ከጣሳው ፊት ለፊት፣ በትልቅ ቁጥር፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ። «ለሕፃናት አይመከርም» የሚለውም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ለማስጠንቀቅ ቦታ ከተገኘ በእኛ ቋንቋ ለማስጠንቀቅ ቦታ አይጠፋም። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ችግር የለውም ይላል። ግን ቁጥሩን ያላየ ሰው በምን ይቆጥራል?

ይሄን ሁሉ ሳወራ ሁለተኛው ደርሶ ነበር። ልጁ ጣሳውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ስኒውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ይሄኛውስ ስንት ሚሊግራም ነው?»

«ቶና ነው» አለችው እናቱ። «ጠጣና ሂድ ተኛ።»