ከካርዱ ጎን የተረኛ መዝገቡም ይቆጠር

ሜሪላንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ «የሐኪም ረዳት» ለመሆን ልታመለክት እንደሆነ በስልክ ስትነግረን፣ እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «ረዳት ማለት በር ላይ ተንጠልጥሎ ፒያሳ፣ ፒያሳ የሚለው ነው?» ብላ ጠየቀች። ደሴ ውስጥ ረዳት ከተባለ የሚኒባስ ነውና አልፈረድኩባትም። ማስረዳቱ ከአቦል እስከ በረካ ፈጀብኝ። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ባለሙያ በሽተኛ ይመረምራል፣ በሽታውን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ላይም ያግዛል፤ የሚሠራውም ከሐኪም ጋር ተባብሮ ነው። እኛ አገር የቅርብ ዘመዱ ጤና መኮንን ነው። እኔም ጤና መኮንን ነኝ። «ታዲያ እንደ አንተ ልትሆን ነው በለኝ» አለችና እናቴ ዱአዋን ቀጠለች፤ «አላህ ያግራልሽ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቱ ግን ዱአው ብቻ እንደማይበቃ ታውቃለች። የመጀመሪያ ዲግሪዋን የተማረችው ማታ ማታ በአረጋውያን መጦሪያ በአስታማሚነት እየሠራች ነው። 120 ክሬዲት ጨርሳ አማካይ ውጤቷ 2.7 ሆነ። ኬሚስትሪ ላይ ዲ አለባት። «አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ልተወው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። 120 ክሬዲት በ2.7 ሲባዛ 324 ነጥብ ነው። ከዚህ በኋላ 30 ክሬዲት ጨምራ አንዱንም ሳታጎድል ኤ ብታመጣ 444 ለ150 ይካፈላል፤ 2.96 ይሆናል። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች በትንሹ የሚጠይቁት 3.0 ላይ የምትደርሰው በ36 ክሬዲት ሙሉ ኤ ነው። ያውም ዝቅተኛው ነው እንጂ ገብተው የሚማሩት ሰዎች አማካይ ውጤት ከ3.5 ያልፋል። ብልጠት ለመሞከር ኬሚስትሪውን ደግማ ዲውን ማጥፋትም አትችልም። ማመልከቻዎቹን የሚሰበስበው ካስፓ የተባለው ማዕከላዊ ሥርዓት የተደገመን ትምህርት ሁለቱንም ውጤት ይቆጥራል። ዲና ኤ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 2.5 ናቸው። የሳይንስ ትምህርቶችን አማካይም ለብቻው አስልቶ ያስቀምጣል፤ የምትደበቅበት ጥግ የለም።

ታዲያ ትተወው? አልልም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲቶች ለይተው ያያሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት የወደቀ ሰው በመጨረሻው ዓመት ምን እንደሠራ ማየት ይፈልጋሉ። 3.0 ያልሞላን ማመልከቻ ከፍተው የማያነቡም አሉ። ለእነዚህ የማመልከቻ ገንዘብ መክፈል ዘካ እንደማውጣት ነው፤ ያውም ለማይገባው ሰው። ስለዚህ የየትምህርት ቤቱን መስፈርት አንድ በአንድ አንብባ፣ በሯ የሚከፈትበትን ለይታ ማመልከት አለባት። ዲ ያገኘችበትን ኬሚስትሪም ትድገመው፤ አማካዩን ብዙ ባያነሳው እንኳን ትምህርቱን አሁን መቻሏን ያሳያል። እኔ ራሴ አናቶሚ ወድቄ የደገምኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ያጠናሁት እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

የግል ጽሑፍ የሚባልም አለ፤ አመልካቹ ለምን ይህን ሙያ እንደመረጠ የሚያስረዳበት። የመጀመሪያውን ረቂቋን ላከችልኝ። ገጽ ተኩሉ የችግር ታሪክ ነበር። እኛ ወሎዬዎች መግቢያ ማርዘም እንወዳለን፤ ሰላምታችን ብቻ ሰፈር ያዳርሳል። «ሌሊት እየሠራሁ ስለምማር ውጤቴ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ይህን አደረግሁ በይና ቀጥዪ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል» አልኳት። ተቀየመችኝ። በሳምንቱ አሳጥራ ላከችው፤ አሁን የምታነሳው ሌሊት አብራው ያደረችውን አንድ ሽማግሌ ሆኗል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የሚቀጥለው ነገር ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ከውጤቱ ጎን በበሽተኛ አጠገብ ያሳለፈችውን ሰዓት ይጠይቋታል። ብዙዎቹ 1,000 ሰዓት ይላሉ፤ ከዚያ የሚበልጥ የሚፈልጉም አሉ። በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው በዓመት ወደ 2,000 ሰዓት ያጠራቅማል። ውጤቷን ያወረደው የሌሊት ሥራ እዚህ ላይ ተመልሶ ምስክር ይሆንላታል ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ቸርነት አይደለም፤ ሙያው ሲፈጠርም እንዲሁ ነበር። በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ሥልጠና ሲከፍቱ የተቀበሏቸው አራት ሰዎች በባሕር ኃይል ውስጥ ቁስለኛ ሲያክሙ የኖሩ ነበሩ። ሦስቱ በ1967 ተመረቁ። ሐኪም አንሶ ስለነበር፣ እጃቸው ሥራ የለመደ ሰዎችን ፈልገው እውቀቱን ጨመሩላቸው። የእኛው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን ማሠልጠን የጀመረው በ1954 በዚያው አቆጣጠር ነው፤ ከአሜሪካኖቹ 11 ዓመት ቀድመናል። ይህን ስናገር ደረቴን እንደምነፋ አልክድም።

ከዚያ ወደዚህ ግን ማንን ነው የምናስገባው? የ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያ ነጥብ 50 በመቶ ከሆነ በኋላ በ2014 ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ያለፉት ደግሞ 3.2 በመቶ ናቸው። ለቀሩት ከፊሎች የማካካሻው ትምህርት፣ ሬሜዲያል የምንለው፣ ተከፈተ። ፈተናው እንዲጠብቅ መደረጉን አልቃወምም፤ ኩረጃው ያሳፍር ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ትምህርት ቤቱ ተዘርፎ፣ ወንበሩ ማገዶ ሆኖ፣ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ተመልሶ ነው በዓመቱ ለፈተና የተቀመጠው። ካርዱ ላይ ይህ አይታይም። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር የምትጽፍበት ቦታ አላት፤ የእኛ ልጅ ያላት ቁጥር ብቻ ነው።

ለድጋፍ ክትትል ደላንታ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ያደርኩባት ሌሊት ትዝ ትለኛለች። መብራት የለም፤ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። የወለደችው ሴት ደም አላቆም አላት። ተረኛዋ የደረጃ 4፣ ማለትም ከዲግሪ በታች የሠለጠነች፣ ነርስ ነበረች። እኔ የእጅ ባትሪውን ይዤ ጓንት ስፈልግ እሷ ማህፀኑን በአንድ እጇ እያሸች፣ በሌላው ለጽዳቷ ሴት ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ የኦክሲቶሲኑን ሳጥን እያሳየች፣ ለባልየው «አንተ፣ ውጪ ሁን ግን አትራቅ፣ ደም ልትሰጥ ትችላለህ» ትላለች። መርፌው ተሰጠ፣ ግሉኮሱ ተሰቀለ፣ የሽንት ፊኛዋ ባዶ ሆነ፣ ደሙ ቆመ። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ረዳት ነበርኩ፤ እናቴ በምታውቀው ትርጉም።

ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ጤና መኮንን ለመማር ሦስት ጊዜ አመልክታ እንዳልሆነላት ነገረችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ የብቃት ምዘናውንም አልፋለች። በየጊዜው የሚያስቀራት በ16 ዓመቷ ያመጣችው የትምህርት ቤት ውጤት ነው። ያገለገለችበት ዘመን በማመልከቻው ላይ አንድ መስመር ናት፤ «የሥራ ልምድ፦ 9 ዓመት»። ምን እንደሠራችበት የሚጠይቅ የለም።

ደግነትና ልምድ እውቀትን ይተካሉ እያልኩ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው አልጋዬ አጠገብ እንዲቆም አልፈልግም። የመግቢያ ፈተና ይሰጥ፤ ይጥበቅም። ከፈተናው ጎን ግን በበሽተኛ አጠገብ የዋለ ሰዓት ነጥብ ይኑረው፤ የድሮው ካርድም ብቻውን በር ዘጊ አይሁን። ለአገራችን አዲስ ነገርም አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ጤና መኮንኖችን በተፋጠነ መንገድ የማሠልጠን ዘመቻ ሲከፈት ልምድ ያላቸው የዲፕሎማ ነርሶች ገብተው ተምረዋል። አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ወረዳ ላይ ስንት ነፍስ እንዳተረፉ አይቻለሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች መካከል ጥቂት ወንበር በዚህ መንገድ እንዲሞላ ትምህርት ሚኒስቴርንና ጤና ሚኒስቴርን ቢጠይቁ ምን ይቀርባቸዋል?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ገና ሳልጨርስ ይሰጡኛል። «ሰዓቱን ማን ያረጋግጣል? ዘመድ ለዘመድ ይፈርማል፣ ማኅተም በቡና ይገዛል።» ስጋቱ ልክ ነው፤ በዚህች አገር የደብዳቤ ልምድ የሌለው ሰው የለም። ለዚህ ነው ደብዳቤ እንዳይጠየቅ የምለው። ጤና ጣቢያ ውስጥ የማዋለጃ መዝገብ አለ፤ የእያንዳንዷ ወላድ ስም፣ ቀን፣ ሰዓትና ያዋለደው ሰው ፊርማ አለበት። የተረኞች ሰሌዳ አለ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሰነድ አለ፤ ለአንድ ሌሊት ተረኝነት ገንዘብ የከፈለ ሒሳብ ሹም ያላደረን ሰው እንዳደረ አድርጎ በቀላሉ አይጽፍም። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ነው። የዚያች ነርስ መዝገብ በዚያ ጠዋት መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። ገልጬ ያለፈውን አንድ ወር ብቻ ቆጠርኩ፤ ፊርማዋ አሥራ አንድ ቦታ ላይ አለ። ለመቁጠር የፈጀብኝ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪያልቅ ነው።