ፊሽካ ብቻ አይደለም

ውድ ጸሐፊ፣ በጽሑፍዎ «ስፖርት ሳይንስ የተማረ መጨረሻው ፊሽካ ይዞ ሜዳ መቆም ነው» ማለትዎ ግማሹ እውነት ነው። እኔም ደሴ በዚሁ ሙያ አለሁ፤ እናቴ እስካሁን ለጎረቤት «ኳስ ያስተምራል» ነው የምትለው።

ግን ያለንበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ 1,850 አካባቢ ይሆናል። (ሐረጎን በጭጋግ በሚኒባስ መውረድ ራሱ የልብ ምት ይጨምራል።) ተመራማሪዎቹ ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ላይ የሠለጠኑ ሯጮች የ5,000 ሜትር ሰዓታቸው ተሻሽሏል። ከፍታው ኦክስጅን ተሸካሚውን ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፣ ቆላው ደግሞ ኦክስጅን ስለማያሳጣ በፍጥነት ለመሮጥ ይመቻል። ኮምቦልቻ ያን ያህል ዝቅ አትልም፤ ቢሆንም ልዩነቱን እግር ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ይዣት የወረድኩ ልጅ 400 ሜትሩን ጨርሳ፣ እያለከለከች ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ የልብ ምቷን ለ15 ሰከንድ ቆጠረች። «46» አለችኝ። በ4 አባዝቼ በደቂቃ 184 ብዬ ጻፍኩ። የደም ላክቴት (በከባድ ሩጫ ጊዜ ጡንቻ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር) መለኪያ ብጠይቅ «በጀት የለም» ተብያለሁ፤ ስለዚህ ላብራቶሪዬ ይቺው ደብተርና የእጅ ሰዓቴ ናቸው።