ችግር ደራሲ አይወልድም

ሰሞኑን ለጀማሪ ጸሐፊዎች በተዘጋጀ አንድ መድረክ ላይ አንድ አንጋፋ ደራሲ ምክር ተጠየቁ። እውነተኛ ጸሐፊ ሰበብ አይደረድርም አሉ። ጊዜ አጣሁ፣ ገንዘብ አጣሁ፣ ፈራሁ የሚል ሰው ከአሁኑ ቢተወው ይሻላል፤ ደራሲን የሚወልደው ችግር ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን በገንኩ።

ማስረጃቸው ደግሞ ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ነው። ዕዳ አንቆ ይዞት በ26 ቀን ልብ ወለድ ጨረሰ አሉ። ጨርሷል። ግን እንዴት ነው የጨረሰው? እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 እ.ኤ.አ. አዲስ ሥራ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት ሥራዎቹን ያለ ክፍያ የማተም መብት ያገኝ ነበር። አንድ ወር ሲቀረው የጨነቃቸው ወዳጆቹ መላ ፈለጉ። ንግግርን በምልክት ፈጥኖ በመጻፍ፣ ማለትም በአጭር ጽሕፈት፣ የሠለጠነች አና የምትባል የ20 ዓመት ወጣት ተቀጠረች። እሱ ቀን ቀን በቃሉ ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች፣ ማታ ቤቷ ገብታ ትገለብጣለች። ሥራው በቀኑ ደረሰ። ዕዳው እኮ ከእሷ በፊትም ነበር! አዲሱ ነገር የአና መምጣት ነው። እሷን ከታሪኩ አውጥቶ ዕዳውን ማመስገን ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

"ዲሲፕሊን ነው ዋናው" የሚሉትም የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕን ይጠሩልናል። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ጠረጴዛው ላይ ተገኝቶ፣ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ ነበር። እውነት ነው። ግን ሁሌ ቡና ይዞ የሚቀሰቅሰው ሽማግሌ የፈረስ ጠባቂ ነበረው። ለዚሁ ሥራ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። ለስኬቱ ከማንም በላይ ባለውለታው ይኸው ሰው ሳይሆን እንደማይቀር የጻፈው ራሱ ትሮሎፕ ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሃርፐር ሊስ? የአየር መንገድ ቲኬት ቢሮ ሠራተኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1956 የገና በዓል ወዳጆቿ የአንድ ዓመት መተዳደሪያ ሰጥተው፣ ሥራሽን ትተሽ ጻፊ አሏት። መጽሐፏ በ1960 ወጣ። የትኛውንም ታሪክ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ጀርባው ላይ የሌላ ሰው እጅ አለ።

ችግር ያሸነፋቸውማ መጽሐፍ ስለሌላቸው ማንም በምሳሌነት አይጠራቸውም።

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ሊጽፍ ይቀመጣል። የትናንቱን አንቀጽ ያነባል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያጠፋል። መልሶ ያስገባታል። ሐሳቡ መፍታታት ሲጀምር ዓይኑ ይከደናል። ይህን ወር ሙሉ የደጋገመ ሰው "እኔ ድሮም አልችልም" ቢል ይፈረድበታል? ፈሪ ሆኖ አልተፈጠረም። ጭንቅላቱ ንቁ በሆነበት ሰዓት የሚጽፍበት ጊዜ ስላጣ ነው የፈራው። ለእንዲህ ያለ ሰው ጠዋት ላይ የአንድ ሰዓት ጊዜ ብታስለቅቁለት ከመቶ የማበረታቻ ንግግር ይበልጥበታል። ተወው ማለት ግን ስድብ እንጂ ምክር አይደለም።

ሰነፍ የለም አልልም። ጊዜውም ገንዘቡም እያለው የማይጽፍ አለ። እሱን በሰበብ ክሰሱት። የደከመውን ግን ከእሱ ጋር አትደምሩት።

ጸሐፊዎችን እንደግፋለን የሚሉ ተቋማትም ቢሆኑ ሽልማቱን ይዘው የሚመጡት መጽሐፉ ታትሞ፣ ተመርቆ፣ ጸሐፊው መከራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ግማሹን ገንዘብ ሦስት ምዕራፍ ጽፎ ለቆመ ሰው ይስጡ። ስድስት ወር የቤት ኪራይ ይክፈሉለት። ረቂቁን የሚያነብ አርታኢ ይመድቡለት። የሚቀጥለው መድረክም ደራሲዎችን ሲጋብዝ፣ እርስዎ ሲጽፉ ልጆቹን ማን ይይዝ ነበር ብሎ ይጠይቅልን።