"እርሳስ አቅልጠህ ማፍሰስ አቃተህ?" ተባልኩላችሁ

ከዛሬ ጀምሮ ያንን ውጅግራ ጠመንጃ የፈለገ ይውሰደው። በነፃ! ማንገቻውንም እመርቅለታለሁ። አይ፣ ለካ ማንገቻውም የለም። አምና ለሠርግ ብሎ የወሰደው ዘመዳችን "እመልሳለሁ" እንዳለ ነው። የእሱን ጉድ ሌላ ቀን።

ዛሬ የጋሼ ቀብር ነበር። መቼም ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጠመንጃው አያቴ በአርበኝነት ዘመን የያዙት ነው። መንዝ እናቴ ቤት ተሰቅሎ ይኖራል። ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። ወቀሳውም በእኔ ስም ነው። ወንድሞቼ ደግሞ ፎቶ ብቻ ይነሱበታል።

ድንኳኑ ፊት ይዘህ ቁም ተባልኩ። ቆምኩ። ከ4 ኪሎ በላይ ብረትና እንጨት ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30። ክንዴ ሲዝል ሰደፉን መሬት አስነክቼ ትንሽ ደገፍ አልኩበት። አልቃሿ እሱን ጠብቃ ኖሯል፦

ድሮ ሲያገሣ ነው ተራራ 'ሚሰማው፣
ዛሬ ምርኩዝ ሆኖ ልጅ ይዞት የመጣው።

ሰው በእንባ ታጠበ። ለጋሼ ይሁን ለጠመንጃው እንጃ። እኔ መግቢያ ጠፋኝ። ሴትዮዋን እኮ ባለፈው ለአክስቴ ለቅሶ ከደብረ ብርሃን ትራንስፖርት ከፍዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ!

ይሄ ገና መግቢያው ነው። ከቀብር መልስ ንፍሮ ይዤ ጥግ ቁጭ እንዳልኩ የጋሼ ታላቅ ወንድም ጠሩኝ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል።

"ለምን አልተኮስክም?"

"ጥይት የለውም አባባ።"

"ጥይት ምንድን ነው?" አሉኝ። ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። "እርሳስ አይደለም እንዴ? የመኪና ባትሪ ውስጥ ሞልቶ የለ! አቅልጦ ማፍሰስ ነው።"

"አባባ፣ እርሳሱ እኮ ቀላሉ ነው። ቀለሁ ነው እንጂ..."

"አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ አፍስሰዋል። አንተ አንዲት ጥይት አቃተችህ? ለመሆኑ የተማርከው ምንድን ነው ያልከኝ?"

"አካውንቲንግ።"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ለቅሶ ቤት እኮ ነው! ንፍሮ የምታዞረዋ ልጅ ሳትቀር ሳህኑን አስቀምጣ ሳቀች።

እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። አንደኛ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያፈሰሱት ንጉሡ ጋፋት ላይ ሰብስበው ያሠሯቸው አውሮፓውያን ባለሙያዎች ናቸው። እኔን ማን ሰበሰበኝ? የእቁብ ዳኛው ብቻ ነው የሚፈልገኝ።

ሁለተኛ፣ እርሳስ ማቅለጥማ ምን ችግር አለው። በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ከሰል ይበቃዋል። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ደግሞ እውነትም ለስላሳ እርሳስ ነው። ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም፣ ወገቡ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ። ወረቀቱ እርሳሱ በርሜሉን እንዳይለቀልቀው ነው። ግን እርሳስ ብቻውን የት ይሄዳል? እርሳሱንና ባሩዱን የሚይዝ ናስ ቀለህ ይፈልጋል። ቀለሁ ደግሞ ቂጡ ላይ ስትመታ እሳት የምትሰጥ ነገር ይፈልጋል። ይሄ ጠመንጃ በፈረንጅ 1874 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ ነው። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በ1886 ሌበል የተባለውን ጠመንጃ ሲያመጡ ጡረታ ያስወጡት ነው። ቀለሁን ከየት ላምጣላችሁ? ከአድዋ?

"የክላሽ ጥይት አይገባም?" የሚሉኝ አሉ። ይገባል! ገብቶም በሌላኛው በኩል ይወጣል። የክላሹ 7.62 ነው፣ የእኔው በርሜል 11። አንዱ የአጎቴ ልጅ "ጨርቅ ጠቅልልበት" ብሎኛል። እሱ ልጅ ነርስ ነው። ሰው ያክማል።

ባሩዱስ? ያ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፣ ለዚያ ደመና ለሚያወጣው። የዛሬውን ጭስ አልባ ባሩድ ብትሞሉበት ግፊቱ ሌላ ነው። የሚፈነዳው ፊት ላይ ነው። የእኔ ፊት ላይ! ያን ጊዜ አልቃሿ አዲስ ግጥም ታወጣለች።

ባትሪ ያሉትማ... ባለፈው አንድ ጋራዥ ያለ ወዳጄ የተሰባበረ የባትሪ እርሳስ በፌስታል ጠቅልሎ ቢሮ ድረስ አምጥቶልኛል። ቢሮ! አሲዱ ፌስታሉን አልፎ የመዝገቡን ሽፋን በላው። እሱን ከሰል ላይ ብጥደው ጭሱና አቧራው ቤት ይሞላል። እርሳስ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። እናቴ ቤት ሦስት የልጅ ልጅ ይርመሰመሳል። "ድሮ ያፈሱ የነበሩት ምን ሆኑ?" ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እነሱም ምን እንደነካቸው አያውቁም።

ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ብነግራችሁ ደግሞ ትናደዳላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ጡረተኞች ልክ ይሄንኑ ጠመንጃ ይዘው ጥይቱን ቤታቸው ይሠሩለታል። ለመዝናናት! እርሳስ የሚፈስበትን ቅርጽ ከሱቅ ይገዛሉ። እያንዳንዷን ጥይት በሚዛን ይመዝናሉ፣ ትንሽ ጎደለች ብለው መልሰው ያቀልጧታል። ለሌሎቹ ፈጠን ላሉት ጠመንጃዎች ቲንና አንቲሞኒ የሚባሉ ማዕድናት ቀላቅለው እርሳሱን ያጠነክሩታል። የሚቸኩል የለ፣ የሚሳደብ የለ። አንዱ ሽማግሌ ቡናውን እየጠጣ ወረቀቷን ሲጠቀልልባት ሳይ ቅናት አቃጠለኝ። እኔ እዚህ በጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 ሁሉ ነገር በፈቃድ በሆነበት አገር ከሰል ላይ ድስት ጥጄ ጥይት ላፍስስ? ከዚያ ማን ስንቅ ያመላልስልኛል? አባባ?

ስለ ፈቃድ ካነሳን አይቀር። ላድስ ስሄድ ልጅቷ "ስንት ጥይት አለው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። "ምንም አይባልም፣ ቁጥር ነው።" "ዜሮ።" "ዜሮ አይሞላም፣ ባዶ ነው የሚመስለው።" ባዶ ነዋ እህቴ! "ነገ ኃላፊው ሲገባ ና።" ኃላፊው በነገው ስብሰባ ነበር። በሳልስቱም። ጥይት አልባ ጠመንጃ የያዘ ሰው እንዲህ ከተመላለሰ ባለ ጥይቱ እንዴት ይሆናል?

ደግሞስ ማን ነው ዛሬ ተኩስ የሚናፍቀው? እነዚህን ዓመታት በእኛ አካባቢ ጧ ሲል በር የማይዘጋ ማን አለ? እናቴ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲንጋጋ እንኳ "ልጆቹን አስገቡ" ትላለች። ድንኳን ውስጥ ግን ሁሉም ጀግና ነው። ብተኩስ ኖሮ ግማሹ አግዳሚ ወንበሩ ሥር ነበር የሚገኘው። አባባ ራሳቸው ቀድመው።

በዘይት የምወለውለው እኔ። ሰደፉን ምስጥ ሲጀምረው አናጺ ያመጣሁት እኔ። ለቲክቶክ ተሸክሞት ዞሮ ቃታውን ያላላው የእህቴ ልጅ። የተሰደበ ማን? እኔ።

ይህን እየጻፍኩ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ መልእክት ገባ። "ለአርባው መተኮስ አለበት ተብሎ ተወስኗል። ባሩዱን እኛ እንፈልጋለን፣ ቀለሁም አይጠፋም። አንተ እርሳሱን ብቻ ቻል።" ሥሩ አሥራ ምናምን ሰው ላይክ አድርጎታል። የመጀመሪያዋ እናቴ ናት።